ያልመጣ ሰው ወንበር

«ይቺን ወንበር ላውጣት እንዴ? ሰው መቀመጫ አጣ እኮ» አለች ዘርፈሽ፣ የወንበሯን መደገፊያ ይዛ።

«አትነካም» አለች ኢፍራህ ከፍራሹ ሳትነሳ።

ዘርፈሽ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ናት፤ ለቅሶው ከጀመረ ወዲህ ከኢፍራህ ጎን አልተለየችም። የወንበሯንም ነገር አሳምራ ታውቃለች። ለመሆኑ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ ማን አለ? የኢፍራህ አባት ጠበቃው ዐብዲገኒ፣ ሰው ሊከስ የመጣ ባለጉዳይ እዚህ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ይቺን ባዶ ወንበር ከፊቱ ይስብለት ነበር። «የምትከሰው ሰውዬ እዚህ ተቀምጧል። እሱ እየሰማህ ተናገር» ይለው ነበር። ስንቱ እየፎከረ ገብቶ ግማሹን ውጦ ወጥቷል።

አሁን ጠበቃው ራሱ የለም። ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ድንኳኑ ይፈርሳል። የኢፍራህ ዓይን ግን በር በሩን ነው። አባቷ ሊሞት ሲል «ሀሊሞ ሳትመጣ ለቅሶዬን እንዳትዘጊ» ብሏታል። ሀሊሞ እህቱ ናት። የዚህን ቤት ደፍ መርገጥ ያቆመችው ኢፍራህ ልጅ ሳለች ነው።

«አትመጣም» አለች ዘርፈሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ወንድሟ ሞቶ እንኳ! ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት?»

«ዘርፌ፣ እዚያ ወንበር ላይ ናት። ትሰማሻለች።»

ዘርፈሽ ሳትወድ ፈገግ አለች። «አቦ አንቺ ደግሞ! ቁርጥ አባትሽን።»

ኩርፊያው የመጣው ዐብዲገኒ የከተማው ምክር ቤት አባል በነበረበት ዘመን ነው። ጎርፍ ሳይመጣብን በአሸዋው ወንዝ ዳር ያሉት ቤቶች ይነሱ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ከቤቶቹ አንዱ የሀሊሞ ነው፤ እናታቸው ያረፉበት። አባላቱ አፍ አፉን ሲያዩት ተነሳና «መጀመሪያ የእህቴ ይፍረስ» አለ። እጅ ሁሉ ወጣ። ለሀሊሞ ሳቢያን ሰፈር ሌላ ቤት ተሰጣት። ከጥቂት ክረምት በኋላ ጎርፉ መጣና የድሮውን ቤት መሠረት ሳይቀር ጠርጎ ወሰደው። በማግስቱ ጠበቃው ሳቢያን ድረስ ሄዶ፣ በሯ ላይ ቆሞ «ደህና አደራችሁ?» አላት። አልመለሰችለትም። «አላልኩሽም ወይ ብትላት ምናለ?» ሲሉት «የረታሁትን ጉዳይ እንደገና አልከራከርም» ይል ነበር። ኢፍራህ በዚህ መልሱ ስትኮራ ነው ያደገችው። ነፍሷን ያተረፈላትን ወንድም ሀሊሞ ይህን ያህል ዓመት ማኩረፏ በጭራሽ አይገባትም ነበር።

የዐስር አዛን ሲሰማ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ሀሊሞ ገባች። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ኢፍራህ ግን ብድግ ብላ «ኤዶ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለቻትና ወንበሯን አሳየቻት።

አክስቷ ቆማ ወንበሯን አየቻት። «እስካሁን አለች?»

«አለች። አባዬ ሰው በሌለበት አያሳማም ነበር።»

«ኋላ ነው እንደሱ የሆነው» አለች ሀሊሞ። «እኔ ላይ ግን በሌለሁበት ነው ያስፈረደብኝ። ወላሂ፣ ቤትሽ ሊፈርስ ነው ሲሉኝ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ጎርፉንማ መቼ አጣሁት? ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት። አስቀድሞ ቢጠይቀኝ ራሴ እወጣለሁ እለው ነበር። ይሄንን እዚሁ በር ላይ ነግሬው ሄድኩ። በሳምንቱ ባዶ ወንበር አስቀመጠ አሉኝ። የኔ ናት ይቺ።»

ኢፍራህ እስካሁን ጠበቅ አድርጋ የያዘችው እንባ ያኔ አመለጣት። አባቷ ያንን ጉዳይ አልረታም ነበር፤ ራሱም ያውቅ ነበር።

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ቀረሽ፣ ኤዶ?»

«ይጥራኝ ብዬ ጠበቅኩ። እሱም ትምጣ ብሎ ጠበቀ። የአንድ እናት ልጆች አይደለን?»

«ጠርቶሻል። ሳትመጪ ለቅሶውን እንዳልዘጋ አዞኛል።»

ሀሊሞ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ለጥቂት ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ተነሳች። መቀመጫዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና ወደ ሐዘንተኞቹ አዞረቻት። ራሷ ፍራሹ ላይ ከኢፍራህ ጎን ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«ደህና አድረናል፣ ዐብዲ» አለች ወደ ባዶው ወንበር እያየች።