ታቦት ያስቆመው ሆድ

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ እንደገባ፣ ባለቤቴን ቄስ ገብረመንፈስቅዱስን የሳንባ ምች ጣላቸው። ጎረቤላ ክሊኒክ ወሰድኳቸውና ሐኪም ቢጤው ድሬሰር ይርጋለም ሃያ ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ እንክብል ሰጠን። ሳሉ ወዲያው ለቀቃቸው። ሆዳቸው ግን ተፈታና ከጓሮ መመለስ አቃታቸው። ሄጄ ይርጋለም ላይ ጮኽኩበት፤ ሳሉን አድንልኝ አልኩህ እንጂ ሰውየውን አቅልጥልኝ መች አልኩህ አልኩት። እሱ እቴ ምን ገዶት! መድኃኒቱ ክፉውን ተሕዋስ ሲገድል ሆድ ውስጥ ያለውን ደጉንም አብሮ ይፈጀዋል፤ እንክብሉን ሳያቋርጡ እርጎ ይጠጡበት አለኝ።

እርጎ! በገና ጾም፣ ለዚያውም ለቄስ! ደግሞ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ዘንድሮ ለገብርኤል ታቦቱን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የንስሐ አባታችንን አባ ወልደአረጋይን እናስፈቅድ ብላቸው፣ ቄስ ሆኜ ለሆዴ ፈቃድ ልለምን እንዴ ብለው ተቆጡ።

እኔ ደግሞ ባሌ ሲደርቁ ቆሜ የማይ ሴት አይደለሁም። ከአልዩ አምባ ገበያ የምትወጣ ኡሙሀኒ የምትባል ደንበኛ አለችኝ፤ ከሷ እርጎ በቅል ገዛሁና የሱፍ ፍትፍታቸው ላይ ደባለቅሁት። ሱፉም ነጭ፣ እርጎውም ነጭ። ኮምጠጥ አለ ሲሉኝ ሱፉ አድሮ ነው አልኳቸው። ጠራርገው በሉት። በአራተኛው ቀን ሆዳቸው ረግቶ፣ ጸሎቴ ደረሰልኝ እያሉ ይኩራሩብኝ ጀመር።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ፈራሁ። ጾም አስፈትቼ ታቦት ላሸክማቸው? እርጎውን አቆምኩ። እንክብሉ አላለቀም ነበር።

የገብርኤል ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ሲመለስ ሜዳው መሀል ቀጥ አለ። መዘምራኑ ቢወርቡ፣ ሴቱ እልል ቢል፣ ቄሱ ወይ ፍንክች። ታቦቱ እምቢ አለ ተባለ። እኛ ዘንድ ታቦት እምቢ ካለ መሀላችን ጥፋት አለ ማለት ነው፤ ጥፋተኛው ካልወጣ አይንቀሳቀስም። ወርቅአገኘሁ የጎረቤቱን ድንበር መግፋቱን ተናዘዘ። ታቦቱ እንደቆመ ነው። አመተ ማርያም ጠላዋን ውሃ እንደምታበዛበት ተናገረች፤ ይህንንማ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በኔ ጦስ ባሌ አገር በተሰበሰበበት ሊዋረዱ ነው።

ተንደርድሬ ወጣሁና እግራቸው ሥር ተደፋሁ።

"ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ቄሱን ሳያውቁ በጾም እርጎ ያበላኋቸው እኔ ነኝ" ብዬ ጮኽኩ።

ያን ጊዜ ታቦቱ ተንቀሳቀሰ። ተንቀሳቀሰ ብቻ? ሮጠ እንጂ። ጥላ ያዦቹ ዲያቆናት ኋላ ቀሩ፤ ሕዝቡም ገብርኤል ይቅር አላት ብሎ እልልታውን አቀለጠው። ቄሱ ታቦቱን በክብር አስገብተው፣ ልብሰ ተክህኖውን አውልቀው፣ በጓሮ በር ወደ ጥዱ ጥሻ ተፈተለኩ።

ሲመለሱ ጠበቅኋቸው። ፊታቸው ገርጥቷል።

"የቆምኩት ሆዴ ሊያዋርደኝ ሲል ነው" አሉኝ። "አንድ እርምጃ ብራመድ አልቆልኝ ነበር። ደግነቱ ጩኸትሽ አስደንግጦ ሆዴን ጨበጠልኝ። ለመሆኑ ያን ኮምጣጣ ሱፍ ለምን አቆምሽው?"

"ያውቁ ነበር እንዴ?"

"ሱፍ ላይ ቅቤ ሲንሳፈፍ የት አይተሻል?"

በንዴት የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ። አባ ወልደአረጋይ ሁለታችንንም አስጠሩንና ሁሉንም ተናዘዝን። ለታመመ ጾም ይፈታል፣ ብትጠይቁኝ ያኔውኑ እፈቅድላችሁ ነበር፤ ጥፋታችሁ እርጎው ሳይሆን መደባበቃችሁ ነው አሉና መቶ መቶ ስግደት ፈረዱብን። የባሌ ስግደት ግን መድኃኒቱ እስኪያልቅ ይቆይ፣ እስከዚያው እርጎአቸውን በግልጽ ይጠጡ ተባለ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፤ እኔ ስሰግድ ቄሱ መደብ ላይ ተቀምጠው እርጎአቸውን እየጠጡ ይቆጥሩልኛል። ሁለቴ ተሳስተው ከአንድ አስጀመሩኝ።