መሪው የታለ?

"ለሙከራው ቀን መሪ ላይ መድበንሻል" አለቻት አንዲት የመኪና ውድድር ቡድን መሐንዲስ በስልክ። ልጅቷ አመስግና ዘጋች። ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ የነበረባት ያኔ ነው።

ቤት ያለው ሰው ቃሉን በለመደው በኩል ተረጎመው። አጎቷ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ለእሱ መሪ ማለት ጠዋት ጨብጦት ማታ የሚለቀው ክብ ነገር ነው። ስለዚህ ከገበያው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ታክሲውን ሲያስነዳት ሰነበተ። ፍሬን በረገጠች ቁጥር ግንባሩን እያሸ "ብሎኔ፣ ቀስ በይ፤ እኔንም እናት ወልዳኛለች" ይላታል። ብሎን ያላት እሱ ነው፤ በልጅነቷ የተፈታ ዕቃ በተገኘበት ሁሉ አጠገቡ እሷ ስለማትጠፋ።

እናቷ ግን ነገሩ አልጣማትም። የመኪና ውድድር ቡድኑ እንደነሱ ካለ ሰፈር፣ መሐንዲስ የሚባል ዘመድ ከሌለው ቤት፣ ወጣቶች ወስዶ ሊያሠለጥን ነው ሲሏት "ለምን?" ብላ ጠየቀች። በመጨረሻ ተስማሙ፦ በሙከራው ቀን ካልተቀበሏት፣ ሰኞ የአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ትገባለች። አክስትየው መቀስ ሳይቀር ገዝታ ትጠብቃለች። ልጅቷ ክር ስታይ እንቅልፏ ይመጣል።

የቡድኑ ጋራዥ ወለል ከማንጸባረቁ የተነሳ ጫማዋን ላውልቅ አላውልቅ ስትል በር ላይ ቆመች። ጎማው የወለቀ የውድድር መኪና መሀል ላይ በክሪክ ተሰቅሏል። ከጎኑ ሦስት ወጣቶች ኮምፒውተር ከበው ተቀምጠዋል። እጅጌዋን የሰበሰበች አጭር ሴት፣ መሐንዲሷ፣ ትከሻዋን ይዛ አስገባቻትና "መሪያችሁ መጥታለች፤ ጀምሩ" ብላ ሄደች።

ሦስቱ እሷን አዩ። እሷ መኪናውን አየች። የሚከለክላት ስላልነበረ ጎኑን ተሻግራ ወንበሩ ውስጥ ተንሸራታ ገባች። እግሯን ዘረጋች፣ እጇን ሰደደች። የሚጨበጥ ነገር የለም። መሪ ሊኖር በሚገባው ቦታ አጭር ብረት ብቻ ወጥቷል። ከወንበሩ ሥር ሳይቀር ዳበሰች። ይሄ ነው ፈተናው ማለት ነው፣ አለች በልቧ፤ መሪ የሌለው መኪና ሰጥተው ምን እንደምል ሊያዩ ነው።

አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ብቅ አሉ። "የዚህ ምድብ መሪ የታለ?"

"ተነቅሏል" አለች ከውስጥ። "እኔ ስገባም አልነበረም።"

ረጅሙ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። መካኒኩ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

"ልጄ፣ መሪዋ አንቺ ነሽ።"

"እኔማ ነኝ፣ አባባ። የምይዘው ነው የጠፋው።"

ያስረዳቻት ባለመነጽሯ ልጅ ናት። የውድድር መኪና መሪ፣ ነጂው እንዲገባና እንዲወጣ ይነቀላል፤ ያውና መደርደሪያው ላይ። እሷ ግን የተመደበችው የእነሱ አለቃ እንድትሆን ነው። ልጅቷ ፊቷ ጋለ። ወጥታ ቤቷ ልትሄድ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ወንበር መውጣት እንደ መግባት አይቀልም። ረጅሙ ልጅ በሁለት እጁ ጎትቶ አወጣት፤ ጎትቶ ካወጣት ሰው ፊት ዘላ መሄድ ደግሞ አሳፈራት።

ሥራቸው ኮምፒውተሩ ላይ ያለ አንድ ጠመዝማዛ መስመር ነበር። መኪናው ባለፈው ውድድር ወደ የትኛው ጎን ለመዞር እንዳስቸገረ ከመስመሩ አንብበው መናገር አለባቸው። ረጅሙ ልጅ ግራ አለ። ባለመነጽሯ ቀኝ አለች። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ከተናገረው ጋር ይስማማል። ከብዙ ክርክር በኋላ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

"መሪ፣ ወስኚ።"

መስመሩን አየችው። የተተረተረ ሹራብ ይመስላል።

"ምንም አልገባኝም" አለች። "ለአጎቴ እንደምትነግሩት ንገሩኝ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ግራና ቀኝን በእጁ ነው የሚያውቀው።"

ረጅሙ ልጅ አየሩን እንደ መሪ ጨብጦ ወደ ግራ አዞረ። "ይኸው፣ እንዲህ ሲያዞር መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል።"

"ወደ ላይማ ቀኝ ነው" አለች ባለመነጽሯ።

ጠዋቱን ሙሉ የተጣሉት መስመሩ ላይ ስላለ አንድ እብጠት ነበር። ይሁንና ወደ ላይ የሚባለው ግራ ይሁን ቀኝ ማናቸውም አያውቅም፤ ሦስተኛው ልጅ ከማን ጋር እንደሚስማማ ጨነቀው። መሐንዲሷ ስትመለስ እዚያው ነበሩ።

"ምን ወሰናችሁ?"

"አልወሰንንም" አለች ልጅቷ፤ ስፌት ቤቱ በዓይኗ እየታያት። "ወደ ላይ ማለት ወዴት እንደሆነ አልተስማማንም። ማንን እንጠይቅ?"

መሐንዲሷ መስመሩን ሳይሆን እሷን ትንሽ አየቻት። "እስካሁን ይህን የጠየቀኝ የለም። ሰኞ ነይ፤ ተቀብለንሻል።"

"ምን ልሠራ?"

"ዛሬ የሠራሽውን።"

"ዛሬ ምን ሠራሁ?"

መሐንዲሷ ቀልድ መስሏት ስቃ ሄደች።

ቤት ስትደርስ አጎቷ ታክሲውን ደጅ አቁሞ ይጠብቃታል። "መሪ አስያዙሽ?"

"ተነቅሎ ነበር።"

"ታዲያ በምን ነዳሽ?"

"አልነዳሁም። መሪዋ እኔ ነበርኩ። ሰኞ ነይ ብለውኛል።"

አጎትየው ወደ እህቱ ዞረ። እናት ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ከዚያ ስልኳን አንስታ አክስትየው ጋ ደወለች።

"ሰኞ አትመጣም።"

መኪና ልትነዳ ነው እንዴ የሚል ድምፅ ከስልኩ ወጣ።

"አይደለም። መሪ ሆናለች።"

"የምን መሪ?"

እናት ልጅቷን በዓይኗ ጠየቀቻት። ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች።

"እሱን ከሰኞ በኋላ ጠይቂኝ" አለች እናት። "መቀሱን ግን ለሌላ ሰው ስጪው።"