የማይክሮዌቩ ሕግ

ወጋየሁ ጨጓራውን እንደ አለቃ ይፈራዋል። ቀዝቃዛ ምሳ የበላ ቀን ከሰዓቱን በሙሉ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት ይውላል፤ እያቃሰቱ ጨርቅ መቁረጥ ደግሞ ጉድ ያመጣል። ባለፈው ሳምንት ለአንድ የጥበቃ ደንብ ልብስ ሦስት እጅጌ ቆርጦ ተገኝቷል።

መካኒሳ ያለው ስፌት ቤታቸው ሰባት ሠራተኛና አንድ ማይክሮዌቭ አለው። የመብራት መስመሩ ስለማይችል ማይክሮዌቩ በቀን ከሃያ ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ ባለቤቷ ወይዘሮ አሰገደች አዘዋል። እናም ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግፊያ ነው። ወጋየሁ ቀጭን ነው፤ ተራው የሚደርሰው ሁልጊዜ ሃያው ደቂቃ ካለቀ በኋላ ነው።

መፍትሔውን ያገኘው ታክሲ ውስጥ ነው። ከጀሞ ሲመጣ መንገዱ ተዘጋግቶ ሳለ በስልኩ ስለ ጌም ቲዎሪ የሚያስረዳ ቪዲዮ አየ። ሰው ሁሉ ለራሱ ያስባል፤ ሕጉን አሳምሮ ላወጣለት ግን ስግብግቡም ጨዋ ይሆናል ይላል ቪዲዮው። ወጋየሁ ከታክሲው ሲወርድ ፕሮፌሰር ሆኖ ወረደ።

ሕጉ ይህ ነው፦ ጠዋት ሁሉም የሚፈልገውን ደቂቃ በብጣሽ ወረቀት ላይ ከነስሙ ጽፎ ካርቶን ውስጥ ይከታል። ድምሩ ከሃያ ካላለፈ እያንዳንዱ የጻፈውን ያገኛል። ካለፈ ማይክሮዌቩ ይቆለፋል፤ ሁሉም ቀዝቃዛ ይበላል።

ሁሉም ተስማሙ። ወጋየሁ ግን በልቡ፣ «ስድስቱ ፈርተው ሁለት ሁለት ይጽፋሉ፣ አሥራ ሁለት። ለእኔ ስምንት ትተርፋለች» ብሎ አሰላ። ስምንት ጻፈ። አላፈረም፤ ጨጓራ ያለበት ሰው ምን ያፍራል!

ወይዘሮ አሰገደች ወረቀቶቹን ጮክ ብለው አነበቡ። «ቢፍቱ፣ ዜሮ። ዋቅጅራ፣ ዜሮ።» ስድስቱም ዜሮ። «ወጋየሁ... ስምንት!»

ወጋየሁ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ይሉኝታቸው ነው ብሎ በሆዱ እየሳቀ ሽሮውን እስኪንተከተክ አሞቀ። ተቀመጠ፣ ምሳ ዕቃውን ከፈተ፣ እንዳስተዳደጉም «እንብላ!» አለ።

ሌላ ጊዜ ሰው እንዲህ ሲባል «ብላ፣ ይመችህ» ይላል። ያን ቀን ግን ስድስት እጅ መጣ። ለወጋየሁ የደረሰው ሁለት ጉርሻና ምሳ ዕቃውን መጥረግ ነበር።

በማግስቱም ስድስት ዜሮ፣ አንድ ስምንት። ወጋየሁ ዛሬስ አፌን አልከፍትም ብሎ ማለ። ምስሩን አሙቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠቀለለ፣ እጁን አነሳ። ከኋላው ስድስት ሰው ቆሟል። ብቻውን መጉረስ ግን አልሆነለትም።

«እ... እንብላ።»

ምስሩ ወዲያው አለቀ። ወጋየሁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ግን እናንተ ዜሮ የምትጽፉት ለምንድን ነው?»

ልብስ ተኳሿ ቢፍቱ የካውያዋን ሶኬት ነቅላ መጣች። «ወጌ፣ አንተ ለጨጓራህ ስትል ስምንት መጻፍህ አይቀርም። እንብላ ሳትል ደግሞ አትጎርስም። እኛ ታዲያ ምን በወጣን እንጋፋለን?»

«ቪዲዮውን አይተሽዋል እንዴ?»

«የምን ቪዲዮ?» አለችና ባዶውን ምሳ ዕቃ ስታይ ደነገጠች። «ውይ በሞትኩት! አንተ እኮ ምንም አልበላህም!»

ከጠዋት ጀምሮ መደርደሪያ ላይ የዋለውን የራሷን ምሳ ዕቃ ከፈተች። እጇ የቻለውን ያህል ጠቀለለችና ወደ አፉ አስጠጋች። «በሞቴ!»

በሞቴ የተባለ ጉርሻ አይመለስም። ወጋየሁ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ።

ቀዝቃዛ ነበር።