አርባ ስምንት በመቶ

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቶርኖ ማሽን ፊት ቆመው ብረት ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው። በሚሊሜትር ሽርፍራፊ ከሰው ጋር ሲጨቃጨቁ ስለሚውሉ የሥራ ጓደኞቻቸው «ሚሊ» አሏቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ባሕር ማዶ ትኖራለች። አምና የልባቸው ቫልቭ አልዘጋ ብሎ ደም መመለስ ሲጀምር፣ ደረታቸው ተከፍቶ በብረት ተተካላቸው።

ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ልባቸው በአልትራሳውንድ ይታያል። ከውጤቱ ወረቀት ላይ ሚሊ የሚገባቸው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ልብ ከያዘችው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን እንደምትገፋ የሚናገረው። መጀመሪያ ሃምሳ ስምንት ነበር። ቀጥሎ ሃምሳ ሁለት፣ ከዚያ ሃምሳ ስድስት። አራተኛውን ወረቀት አውቶቡስ ውስጥ ገለጥ ቢያደርጉት አርባ ስምንት ይላል።  መውረጃቸውን አልፈው ሄዱ።

የሐኪሙ ቀጠሮ ገና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እሁድ እንደ ልማዷ ልጃቸው ደውላ፣ «ውጤቱስ አባዬ?» አለች።

«ብረት ነኝ» አሏት።

በዚያው ሳምንት ቤት ማስተካከል ጀመሩ። የባለቤታቸውን ካፖርት አጣጥፈው ካርቶን ውስጥ ከተቱ። የብረት መለኪያዎቻቸውን፣ ካሊፐርና ማይክሮሜትራቸውን፣ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ድሮው ወርክሾፕ ወሰዱ። እዚያ የሚያውቃቸው አንድም ሰው አልቀረም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ «ለሚያውቅበት ስጡት» ብለው ወጡ። ቤት ሲመለሱ፣ ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ የቫልቩ ቀጭ ቀጭ ይሰማቸዋል። ባለቤታቸው ቢኖሩ፣ «ኧረ ይሄን ሰዓትህን ዝም አስብልልኝ!» ብለው ይስቁበት ነበር።

በአሥረኛው ቀን አላስችል አላቸው። አራቱን ወረቀት ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። አልትራሳውንድ የምታነሳው ባለሙያ ቦርሳዋን አንግታ ለምሳ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ደረሱባት።

«ልጄ፣ የተበላሸው ማሽናችሁ ነው ወይስ እኔ?»

ወረቀቶቹን ተቀብላ አየቻቸው። «ማን አስረዳዎት ይሄን?»

«ማንም።»

ቦርሳዋን መልሳ ሰቀለች። «ይተኙ እስቲ አባባ።»

ትከሻቸውን ይዛ በግራ ጎናቸው አስተኛቻቸው። ሰው ከነካቸው ስንት ጊዜ ሆነ? ለማስታወስ ሞከሩ። የመጨረሻውም እዚሁ አልጋ ላይ ነበር።

ሦስት ጊዜ ለካች። ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ስድስት።

«በእኛ ሙያ» አሉ ሚሊ ተቆጥተው፣ «እንዲህ የሚለካ ሰው ውሎ አያድርም፤ ይባረራል!»

ሳቀች። «ብረቱ ቆሞ ይጠብቅዎታላ! ይቺን ልብ የምለካት እየሄደች ነው። ጠርዟን ስክሪኑ ላይ በዓይኔ ገምቼ በእጄ ነው የምከበው፤ እጄ ቅንጣት ወጣ ካለ ቁጥሩም ይወጣል። ደግሞ አራቱን ያነሳነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ያውም በሁለት ማሽን።»

 ብረትም ቢሆን ትኩሱን የለኩት ልክ ሲቀዘቅዝ እንደማይገጥም ጠፍቷቸው አይደለም።

«አርባ ስምንቱስ?»

የዚያን ቀኑን ምስል ከፈተች። «ልብዎ በደቂቃ መቶ አሥር ትመታ ነበር። ዛሬ ሰባ ስድስት ናት። ምን ገጥሞዎት ነበር?»

የገጠማቸውን ያውቁታል። የዚያን ቀን ከመግባታቸው በፊት መዝጋቢዋ ፎርም ሰጥታቸው ነበር። «የቅርብ ተጠሪ» በሚለው መስመር ላይ የልጃቸውን ስልክ ጻፉ። «ይሄ የውጭ ነው፤ እዚሁ ያለ ሰው ይጻፉ» ብላ መለሰችላቸው። ከኋላቸው ሰልፈኛው እያጉረመረመ፣ ስም ፈልገው ፈልገው አጡ። በመጨረሻ የሟች ባለቤታቸውን ስም ጽፈው ሰጡ።

«ፎርም ስሞላ ተናድጄ ነበር» አሉ በአጭሩ።

ባለሙያዋ ሐኪሙን ጠራችው። አራቱን ምስሎች ጎን ለጎን አይቶ፣ «ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል? እግርዎ ያብጣል?» አላቸው።

«ኧረ የለም።»

«ቫልቩ ደህና ነው፤ ልብዎም አልሰፋም። ይሄ የቁጥር ልዩነት ለእኛ የሚጠበቅ ነው። የሚያሳስበን በየጊዜው እየወረደ ቢሄድ ነበር። ከእንግዲህ ግን እዚሁ ማሽን ላይ፣ እሷው ራሷ ትለካዎታለች። ለመለካት ከመተኛትዎ በፊት አረፍ ይበሉ።»

ከሆስፒታሉ ወጡ። ፌርማታው ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን አዩ። ደስታቸውን የሚነግሩት ሰው ፈለጉ። ቀኑ እሁድ ባይሆንም ስልካቸውን አወጡ።

«አባዬ! ምን ሆንክ?»

«ምንም። ዋሽቼሽ ነበር» አሏትና ሁሉንም ዘረገፉላት፤ ከፎርሙ በቀር።

 «ይሄን ሁሉ ቀን ብቻህን?»

«ታዲያ ከማን ጋር?» ብለው ሊቀልዱ አሰቡና ተዉት። ወዲያው ከወዲያ ማዶ አለቃዋ ጠራት።

ሲመሽ መልሳ ደወለች። ፈቃድ ከሰጧት ክረምት ላይ እንደምትመጣ ነገረቻቸው።

«ካልሰጡሽም አትጨነቂ» አሏት።

ስልኩ ተዘጋ። ሚሊ ራታቸውን አሞቁና እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆመው በሉ።