የቤተሰብ ገቢ የሚለው መስመር

ነፍሳቸውን ይማርና፣ እትዬ ሳንቲም ሠላሳ ዓመት ሙሉ በባንክ መስኮት የሰው ገንዘብ ሲቆጥሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ እንኳ አርፈው አልተቀመጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተማሪዎችን ሰብስበው ብድር ኋላ ምን እንደሚያስከፍል፣ ኮሌጅ በዓመት ስንት እንደሚፈጅ፣ የክፍያ ድጋፍ እንዴት እንደሚጠየቅ ያስተምሩ ነበር። «ሳንቲም» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ጠመኔውን ሳይቀር ከኪሳቸው ነበር የሚገዙት።

ከተማሪዎቹ አንዷን፣ የሰፈሩን ልብስ ሰፊ ልጅ፣ የነርስ ኮሌጅ ተቀብሏት ነበር። ድጋፍ ካላገኘች ግን መማር የለም፤ ማመልከቻው ደግሞ ሰኞ ይዘጋል። ቅዳሜ ቅጿን ስትሰጣቸው እትዬ ሳንቲም መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው አነበቡና ቀና አሉ።

«አንቺ፣ አባትሽ ባለፋብሪካ ነው እንዴ?»

«ኧረ ልብስ ሰፊ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ገቢ ማን ጻፈው?»

«እሱ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «‹ገመናዬን ለወረቀት አልሰጥም› አለ።»

«በዚህ ቁጥርማ ሊረዱሽ ቀርቶ እርዳታ ይጠይቁሻል! ተነሺ፣ እንሂድ።»

ልጅቱ ወደ አባቷ ልብስ መስፊያ ከኋላ ከኋላቸው እየተጎተተች ሄደች። አባቷ ሲቆጣ አይጮኽም፤ ዝም ይላል። ከጩኸት የሚከፋው ደግሞ ያ ዝምታው ነው።

አባቷ እንዳያቸው ከአፉ መርፌዎቹን አውጥቶ ወንበሩን በክንዱ ጠረገላቸው። ስለ ቅጹ ሲሰማ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ልጄን ለማኝ አላደርጋትም፣ እትዬ።»

አልተከራከሩትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮት ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«ስትለካው ሆዱን የሚያስገባ ደንበኛ ገጥሞህ ያውቃል?»

አባቷ ሳያስበው ሳቀ። «ሞልቷል! ትንፋሹን ውጦ ይለካና፣ ቁልፉ አልገጥም ሲለው ‹አበላሸኸው› ብሎ ይጨቀጭቀኛል።»

«አንተስ ምን ትለዋለህ?»

«ልክህን ደብቀህ...» ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ።

«ይሄን ቅጽ እኔም ለልጄ ሞልቻለሁ» አሉ ዝግ ብለው። «የባንክ ሠራተኛ ሆኜ። ቁጥሩን ሰው እንዳያየው በእጄ ሸፍኜ ነበር የጻፍኩት። ግን እኔ ስላፈርኩ እሷ ለምን ቤት ትቅር?»

አባቷ የሥራ ደብተሩን ከመሳቢያው አውጥቶ የዓመቱን ገቢ ደመረና፣ ልጁን ሳያይ ቁጥሩን ተናገረ።

ልጅቱ እስክሪብቶ እንደያዘች ፈዛ ቀረች። በዚህች ገንዘብ ነው አራት ልጅ ያሳደገው? አንድ ቀን እንኳ ከትምህርት ቤት ሳያስቀራቸው?

«ምን ታፈጥጫለሽ፣ ጻፊ እንጂ» አሏት እትዬ ሳንቲም። «እኔ ሠላሳ ዓመት ገንዘብ ቆጠርኩ እንጂ፣ ገንዘብ ማብቃቃቱን የሚያውቀው አባትሽ ነው።»

ድጋፉ በስድስተኛው ሳምንት ተፈቀደ። አባቷ ደብዳቤውን ለልኬት ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ያነብ ነበር፤ ገቢው የተጻፈባትን መስመር እንኳ ሳይዘል።