የአዲሷ ልጅ ቀን መቁጠሪያ

የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ሴትዮ አዲሷ ልጅ የሠራችውን ሊሞክሩ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብ ሲያደርጉ፣ ጋሽ ቁልፍ ከኋላ ቆሞ በሆዱ "አሁን ጉዷ ይፈላል" አለ።

ጋሽ ቁልፍ ያሉት የቢሮው ልጆች ናቸው። በዚህ የሶፍትዌር ድርጅት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስክሪን ላይ የሚጫን፣ የሚጎተትና የሚከፈት ነገር ሁሉ የእሱ የእጅ ሥራ ነበር። አዲሷ ልጅ ግን በመጣች በአራት ወሯ ለክሊኒክ ቀጠሮ የሚሆን ቀን መቁጠሪያ ሠርታ አቀረበች። ወሩ ሲቀየር እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፤ የተያዘው ቀን ይደበዝዛል፣ ክፍቱ ይበራል። ሥራ አስኪያጁ አይቶ "ይሄ ነው ሥራ ማለት" አለ። ለጋሽ ቁልፍ አንድም ቀን እንዲህ ብሎት አያውቅም። አንጀቱ አረረ። ከአንገት በላይ "ጎበዝ" አላትና ቤቱ ገብቶ፣ ሚስቱ ምን ሆንክ ብትለው ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ። የዛሬው ሙከራ ካማረ የስክሪን ክፍሉ ኃላፊ እሷ ልትሆን ነው፤ እሱ ደግሞ የእሷ ታዛዥ።

ትናንት አስር ሰዓት ላይ ሌላው ሁሉ ስብሰባ ገብቶ ሳለ ብቻውን ነካካው። ወሩን የሚያሳልፈውን ቀስት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲጫነው ስክሪኑ አልንቀሳቀስ ብሎ ደርቆ ቀረ። ኮዱን ከፍቶ ሲያይ ሳቁ መጣ። ቀን መቁጠሪያው ራሱን በሳለ ቁጥር ለፕሮግራሙ "ተቀይሬያለሁ" ይላል፤ ፕሮግራሙም "ከተቀየርክማ እንደገና ተሳል" ይለዋል። ቀስ ብለው ሲነኩት ሁለቱ ይስማማሉ፤ ሲያጣድፉት ግን ክርክሩ ማብቂያ የለውም። ልጅቷ ገጹ ሲገለጥ ማየት ስለምትወድ ሁልጊዜ ቀስ ብላ ነበር የምትነካው። እሱም ጀማሪ ሳለ ይህንኑ ስህተት ሠርቶ ሦስት ቀን ፍዳውን አይቷል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ ስትሳል ዝም በል የሚል። ሊጠራት አሰበና ተወው። በሰው ፊት ይድረቅባት ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሴትዮዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ወረፋ ሲያስተናግዱ የኖሩ ናቸውና እጃቸው ፈጣን ነው። ቀስቱን ሦስት ጊዜ አከታትለው ተጫኑት። ስክሪኑ ደረቀ።

ጋሽ ቁልፍ የልጅቷን ፊት ለማየት ዘወር አለ። ድንጋጤው ግን ሌላ ሰው ጋ ነበር።

"ውይ፣ ምን ነካሁ?" አሉ ሴትዮዋ እጃቸውን ከማውሱ ላይ እያነሱ። "ወጣቶቹን ላኩ ብያቸው ነበር እኮ። ለዚህ ነገር እኔ አልሆንም።"

ሥራ አስኪያጁ ግድ የለም አላቸው፤ ክሊኒኩን አነጋግሮ ከወጣቶቹ አንዷ በእሳቸው ቦታ እንድትመደብ ያደርጋል። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። ጋሽ ቁልፍ ለልጅቷ በተወው ጉድጓድ የገቡት እኚህ እናት ሆኑ። አፈረ።

"እርስዎ አይደሉም" አለ። "ስህተቱ ኮዱ ውስጥ ነው። ደህና አድርገው ነው የነኩት።"

ልጅቷን ከራሷ ኮምፒውተር አስነስቶ ተቀመጠና አንዷን መስመር ጻፈ። ሴትዮዋ እየፈሩ አምስት ጊዜ ተጫኑት፤ ወሮቹ ተገለጡ።

"ይሄ ነው ሥራ ማለት" አለ ሥራ አስኪያጁ የጋሽ ቁልፍን ትከሻ መታ መታ እያደረገ።

"ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?" አለች ልጅቷ። "እንዴት እንዲህ ቶሎ አገኘኸው?"

ጋሽ ቁልፍ የስህተት መዝገቡን ከፈተ። በቢሮው ደንብ የተስተካከለ ስህተት ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መዝገቡም ስህተቱ መጀመሪያ የታየው መቼ እንደሆነና ማን እንዳየው ይጠይቃል። "ዛሬ" ብሎ ጻፈ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቃት የሥራ አስኪያጁ የምስጋና ቃል ገና ጆሮው ላይ ነበረች፤ ይህችን "ዛሬ" እንዳለች ቢተዋት ማንም አያውቅበትም። ልጅቷ ከኋላው ቆማ ታነባለች።

የጻፋትን ቃል አጠፋት። በቦታዋ "ትናንት፣ አስር ሰዓት" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ "እኔ"። ከዚያ አንብባ እስክትጨርስ ወንበሩን ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገላት።