አይነካም የተባለው ባልዲ

"እሱን ነካህ ማለት እኔን ነካህ ማለት ነው!" አለች አክስቱ፣ በርሜሉን እቅፍ አድርጋ።

"አክስቴ፣ በርሜል ነው እኮ፤ ባል አይደለም። ልቀቂው!"

"ባልማ ቢሆን ድሮ ነበር የምደፋው። ይሄ እንኳን ልብሴን ያሳጥበኛል።"

ሳቅ አፈነው። ወዲያው ግን የአክስቱ ልጅ ከውስጥ ስታቃስት ሰማትና ሳቁን ተወው።

ሰዉ ጭሱ የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት የመድኃኒት መርጫ ተሸክሞ ሰፈሩን ሲያጨስ ስለሚውል ነው። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ቢምቢ ማሳደድ፣ ማጥመጃ ማስቀመጥ፣ የተጠራቀመ ውሃ መድፋት። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዝናቡ አላባራም። እሱ ግን ሰፈሩን በሙሉ ቀጥ አድርጎ ይዞታል። የገዛ አክስቱ ግቢ ብቻ እምቢ አለው። እዚያ ቢምቢው ወረፋ ይዞ ነው የሚናከሰው። ይኸው አብራው ያደገችው የአክስቱ ልጅ በትኩሳት ተዘርራለች። ሐኪሙም "መራቢያውን አግኝታችሁ ካላጠፋችሁ እናትየውም ትከተላለች" ብሎ ቁርጡን ነግሮታል።

"ይሄን ቢምቢ ያራባውን ሰው ባገኘው፣" አለ ጭሱ፣ ልጅቷም እንድትሰማ ጮክ ብሎ፣ "እናቴ ትሙት፣ እጁን ነው የምሰብረው!"

"ስበርልኝ!" አለች አክስቱ። "ያ ጎማ የሚሰበስበው ጎረቤት ነው። ፊቱን አይተኸዋል? ራሱ ቢምቢ ነው የሚመስለው።"

በስንት ልመና በርሜሉን ለቀቀችለት። አፉ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ፈታው፣ በባትሪ አየው። አንዲት የቢምቢ እጭ የለችም።

"እሺ፣ አሁንስ ምን ትላለህ?" አለችው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

የዶሮዎቹን መጠጫ ደፋ። አሸንዳውን ወጥቶ ጠረገ። የተጣለ ቦቲ ጫማ ገለበጠ። የድመቷን ሳህን ሳይቀር ሲደፋባት ድመቷ የታዘበችው ትዝብት! ምንም የለም። ጎረቤትየው ዘንድ በአጥር ዘሎ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ሰውዬው ሁሉንም ስለበሳቸው ውሃ አይቋጥሩም። ተመልሶ ዘለለ፣ ሱሪው አጥሩ ላይ ተቀደደ።

የቀረው የልጅቷ መስኮት ሥር ነበር። ግድግዳው ላይ አሮጌ ቆርቆሮ ተደግፏል። ቆርቆሮውን ሳብ ሲያደርገው ቢምቢው ግልብጥ ብሎ ፊቱ ላይ መጣ። ከሥሩ ጥቁር ባልዲ አለ። ውሃው እሳት ሳይነካው ይፈላል፤ እጭ ብቻ!

"አገኘሁት! አክስቴ ነይ! ማን አባቱ ነው እዚህ..."

ባልዲውን አዞረው። በነጭ ቀለም የራስ ቅል ተስሎበታል። አንድ ጥርስ ብቻ ያለው የራስ ቅል።

ጭሱ ሥዕሉን ለየው። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ጥርስ ያለው የራስ ቅል የሚስል እሱ ብቻ ነው፤ ቀለሙ አልቆበት ነበራ! ከሥሩም በራሱ እጅ "አይነካም" ተብሎ ተጽፏል። የራሱ የጭሱ ማጥመጃ ነው። ቢምቢዋ ውስጡ ያለው ጨርቅ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ሠራተኛው በየሳምንቱ መጥቶ ጨርቁን ይወስዳል፣ ውሃውን ይደፋል። ሠራተኛው ግን አልመጣም። ክረምቱ ሲገባ አስቀመጠው፣ ጨርሶ ረሳው።

"ቆይ ቆይ ቆይ፣" አለ። "እዚህ ዝናብ አይገባም። ውሃው ድሮ መድረቅ ነበረበት!"

"እንዴት ይደርቃል?" አለች አክስቱ ተቆጥታ። "የመንግሥት ዕቃ ነው፣ አደራ ብለህ ጥለህብኝ! ጎደል ባለ ቁጥር የምሞላው እኔ አይደለሁም? ያውም በንጹሕ ውሃ። ትናንትም..."

ትናንትም ላይ ቆመች። ባልዲውን አየች፣ እሱን አየች፣ እጇን አየች። እዚያው ጭቃው ላይ ዝርፍጥ አለች። ጭሱ ባልዲውን ጭቃው ላይ ደፋው።

ከመስኮቱ ውስጥ የልጅቷ የደከመ ድምፅ መጣ፤

"እሺ ጭሱ፣ መስበሩን ከማን እጅ ትጀምራለህ?"